በገባበት ቀን የወጣ ገንዘብ

ጁላይ 20 ቀን 2015 (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 7.16 ቢሊዮን ዩሮ የመሸጋገሪያ ብድር ለግሪክ ተለቀቀ። በዚያው ዕለት 4.2 ቢሊዮኑ ለአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ፣ 2 ቢሊዮን ያህሉ ለአይኤምኤፍ፣ ግማሽ ቢሊዮኑ ደግሞ ለግሪክ ማዕከላዊ ባንክ የዕዳ ክፍያ ሆኖ ወጣ። ለመንግሥት የተረፈው ፍርፋሪ ነው። በዚያ ሰሞን አቴንስ ውስጥ ኤቲኤም ፊት የተሰለፈ ሰው በቀን ከ60 ዩሮ በላይ ማውጣት አይፈቀድለትም ነበር። ግሪክን መታደግ የሚባለው ይህ ነው።

አንድ ገንዘብ የሚጠቀሙ አገሮች ከመካከላቸው አንዱ በዕዳ ሲዘፈቅ ሊደርሱለት ይገባል ወይ? ይገባል ባይ ነኝ። ግን አስቀድሞ ያበደረው ሰው ኪሳራውን ይቅመስ። መክፈል በማይችል አገር ላይ ሌላ ብድር መደረብ በተበዳሪው ስም አበዳሪውን ማውጣት ነው። ተበዳሪው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፤ ጉድጓዱ ብቻ ይጠልቃል።

የራሱ ገንዘብ ያለው አገር ሲቸግረው ምንዛሪውን ያዳክማል። ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 ብርን ለገበያ ስትለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኑሮን እንደሚያስወድድ ለአገራችን ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ሆኖም ላኪው በብር ሲመነዝር እጁ ላይ የሚቀረው ይጨምራል፣ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ይወደድና ፍላጎቱ ይቀንሳል። ግሪክ በ2001 ዩሮን ስትቀበል ይህን መሣሪያ አስረክባለች። የቀራት መንገድ ደሞዝና ጡረታን በቁጥር መቁረጥ ነው። ደሞዝ ሲቆረጥ ግን ዕዳው አይቆረጥም፤ 100,000 ዩሮ የቤት ብድር ያለበት መምህር ደሞዙ በአምስት አንድ እጅ ቢቀንስም ባንኩ የሚጠብቀው ያንኑ ነው። መንግሥትም እንደዚሁ።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ ማውጣት ይቻላል። ዕዳው የዓመት ምርቱን 130 በመቶ ያህላል እንበል፤ ግሪክ ችግሩ ሲፈነዳ እዚያ አካባቢ ነበረች። ወለዱ 5 በመቶ ቢሆንና ኢኮኖሚው በዓመት በ4 በመቶ ቢኮማተር፣ የሁለቱ ድምር በ1.3 ሲባዛ 12 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ መንግሥት ከወለዱ በቀር አንዲት ሳንቲም ሳይበደር እንኳ ዕዳው ከምርቱ አንጻር በየዓመቱ 12 ነጥብ ያህል ያድጋል ማለት ነው። ባለበት ለማስቆም ብቻ ወለድ ከመክፈሉ በፊት የምርቱን 12 በመቶ ማትረፍ ይኖርበታል። አበዳሪዎቹ ኋላ ላይ ከግሪክ የጠየቁት፣ ከባድ ነው ተብሎ ያን ያህል ያከራከረው ትርፍ፣ 3.5 በመቶ ነው፤ ያውም እስከ 2022 ድረስ።

ቁጠባው ራሱ ኢኮኖሚውን እንደሚያኮማትረው ሳይታሰብ አልቀረም፤ የታሰበው በትንሹ ነው። የአይኤምኤፍ ትንበያ የተሠራው መንግሥት 1 ዩሮ ሲቆርጥ ምርቱ በ50 ሳንቲም ገደማ ይወርዳል በሚል ነበር። በኦክቶበር 2012 ድርጅቱ ራሱ፣ ከቀውሱ ወዲህ በበለጸጉት አገሮች የታየው ለእያንዳንዱ የተቆረጠ ዩሮ ከ0.9 እስከ 1.7 ዩሮ ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ። ልዩነቱ የአስርዮሽ ጨዋታ አይደለም። 1 ዩሮ ተቆርጦ 1.50 ዩሮ ምርት ከጠፋ፣ ከጠፋውም 40 በመቶው ታክስና መዋጮ ሆኖ ይገባ ነበር ብንል፣ 60 ሳንቲም ገቢ አብሮ ይሄዳል። ከተቆረጠው 1 ዩሮ ጉድለቱን ያጠበበው 40 ሳንቲም ብቻ ነው። በጀት ያዢው ደግሞ ግቡን ለመምታት እንደገና ይቆርጣል። የግሪክ ምርት ሩብ ያህሉን አጣ፤ ሥራ አጥነቱ በ2013 ከ27 በመቶ አለፈ።

ይህ ሁሉ የመጣው በሜይ 2010 ከተወሰነው ውሳኔ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ውል አንቀጽ 125 አንዱ አባል የሌላውን ዕዳ እንዳይሸከም ይከለክላል። ቃሉን እንዳለ ቢወስዱት ግሪክ አልከፍልም ብላ ከአበዳሪዎቿ ጋር መደራደር ነበረባት። የግሪክን ቦንድ ታቅፈው የነበሩት ግን የፈረንሳይና የጀርመን ባንኮች ጭምር ናቸው፤ የአሜሪካው ትልቅ ባንክ ሌማን ብራዘርስ ከወደቀ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክም አለቃ ዣን ክሎድ ትሪሼ የዕዳ ቅነሳ የሚለውን ቃል መስማት አይፈልጉም ነበር። ስለዚህ 110 ቢሊዮን ዩሮ ተመደበ፤ 80ው ከዩሮ አገሮች፣ 30ው ከአይኤምኤፍ። የዩሮ አገሮች ድርሻ ከገበያው መነሻ ወለድ ላይ 3 በመቶ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 4 በመቶ የሚጨመርበት ነበር። ለሰመጠ ሰው ገመድ በኪራይ እንደ መወርወር ነው፤ ወለዱ ኋላ ላይ በብዙ መቀነሱም ስሕተቱን ማመን ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ የግል አበዳሪዎች ከብድሩ እየተከፈላቸው ወጡ። ማርች 2012 ላይ የዕዳ ቅነሳው ሲመጣ በቀሩት ላይ ወረደ፤ ከቦንዳቸው ዋና ገንዘብ 53.5 በመቶ ተሠረዘ። የማዕከላዊ ባንኩ ቦንድ ግን አልተነካም። ከቀሩት ውስጥ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው የግሪክ ባንኮችና የጡረታ ፈንዶች ነበሩ። መንግሥት በአንድ እጁ የተሠረዘለትን በሌላው እጁ ባንኮቹን መልሶ ለማቆም አወጣው፤ ለዚሁ 50 ቢሊዮን ገደማ መመደብ ግድ ሆነ። በውጭ አገር ሕግ የተሸጡ ቦንዶችን ይዘው አንስማማም ያሉት ደግሞ ጠበቁና አሸነፉ። ሜይ 15 ቀን 2012 ለእነሱ 435 ሚሊዮን ዩሮ ሳይጎድል ተከፈለ፤ የአቴንስ ጡረተኛ ተቆርጦበት።

በርሊን የሚገኘው ኢኤስኤምቲ የተባለው የንግድ ትምህርት ቤት በ2016 ባወጣው ስሌት፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የብድር ፕሮግራሞች 215.9 ቢሊዮን ዩሮ ውስጥ ለግሪክ መንግሥት በጀት የደረሰው 5 በመቶ አይሞላም። ዕዳ ሲከፈል ተበዳሪውም ይጠቀማል የሚል ይኖራል። መክፈል ለሚችል ተበዳሪ፣ አዎ።

ተቃዋሚዎቹ ከንቱ ነገር አላወሩም። ስሎቫኪያ በ2010 ገንዘብ አልሰጥም ብላ ነበር፤ ከእነሱ የተሻለ ደሞዝና ጡረታ ለሚያገኝ ሕዝብ ከደሃ ስሎቫኮች ኪስ ለምን ይወጣል ነው ነገሩ። ግሪክም ቁጥር ደብቃለች። በጀቱ ከምርቱ 3 በመቶ በላይ እንዳይጎድል ሕግ እያለ፣ የ2009 ጉድለቷ ተጣርቶ ሲወጣ ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ላለው መድረስ ሌላውንም ልቡን ያሳብጠዋል የሚለው ክርክር ያስኬዳል። ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ለምን ይዞራል? ከ2008 በፊት ባንኮች ለግሪክ ያበደሩት ከጀርመን እምብዛም በማይበልጥ ወለድ ነበር። አደጋውን ሳይመዝን ያበደረ ባንክ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከተመለሰለት እሱስ ልቡ አያብጥም? የስሎቫኪያን ግብር ከፋይ የሚያስቆጣውን ሸክም ያቀለው የነበረው ያው በ2010 የተፈራው የዕዳ ቅነሳ ነው።

መክፈል ያቃተውና ለጊዜው እጅ ያጠረው መለየት አለባቸው። ስፔን በጁላይ 2012 ለአሥር ዓመት ብድር ከ7 በመቶ በላይ ወለድ ተጠይቃለች፤ ዕዳዋ ግን ከምርቷ አንጻር የግሪክን ያህል አልነበረም። ትሪሼን በማዕከላዊ ባንኩ አለቅነት የተኩት ማሪዮ ድራጊ በዚያው ወር ማዕከላዊ ባንኩ ዩሮን ለማዳን በሥልጣኑ ያለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ተናገሩ፤ ቀጥሎም የተቸገሩ አገሮችን ቦንድ ያለ ገደብ የመግዛት ዕቅድ ወጣ። ወለዱ ወረደ። በዚያ ዕቅድ እስከ ዛሬ አንድ ቦንድ አልተገዛም። ለስፔን ይህ በቂ ነበር። ለግሪክ ቢደረግ የማይከፈለውን ዕዳ ወደ ማዕከላዊ ባንኩ መዝገብ ማዛወር ይሆን ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት ዕዳው ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው፣ አበዳሪ ባልሆነ አካል፣ በይፋ ይሰላ። የማይከፈል ከሆነ የቦንዱ ክፍያ በዚያው ሳምንት ይቁም፤ ሁለት ዓመት ከተጠበቀ ብልጡ ወጥቶ የዋሁ ይቀራል። ከቅነሳው በኋላ የሚመጣው የጋራ ገንዘብ ለሆስፒታል፣ ለጡረታና ለአስቀማጮች ይዋል። ባንኮችም የአገራቸውን መንግሥት ቦንድ የሚይዙበት መጠን ጣሪያ ይበጅለት፤ ያለዚያ መንግሥት ሲወድቅ ባንኩን ጎትቶ ይወድቃል።

ከዚህ ውስጥ የተጀመረ አለ። ከ2013 ወዲህ የዩሮ አገሮች በሚሸጡት ቦንድ ላይ የአበዳሪዎች አብላጫ ድምፅ እምቢ ባዩንም የሚያስገድድበት ውል ተካቷል። ግን ድምፁ በየቦንዱ ጭምር ስለሚሰጥ አንዱን ቦንድ ጠቅልሎ የያዘ ፈንድ አሁንም ማምለጥ ይችላል። ሁሉም በአንድ ድምፅ እንዲወሰን የሚያደርገው ማሻሻያ 500 ቢሊዮን ዩሮ የማበደር አቅም ባለው የአውሮፓ የመረጋጋት ፈንድ አዲስ ውል ውስጥ ገብቶ በ2021 ተፈርሟል። ሁሉም አባላት ካላጸደቁት አይጸናም፤ የጣሊያን ምክር ቤት በዲሴምበር 2023 ውድቅ አድርጎታል።