ማስተካከያ፦ በቀበሌ ስብሰባ ማን ይናገራል? ማን ድምፅ ይሰጣል?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ «ቀበሌ ስብሰባ የተገኘ ነዋሪ ሁሉ እጁን አውጥቶ ያስወስናል» እየተባለ ነው። ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። የምክር ቤት ጉባኤ ሌላ፣ የነዋሪዎች ስብሰባ ሌላ። በጉባኤው ድምፅ የሚሰጡት የመረጥናቸው የምክር ቤት አባላት ናቸው።

ነዋሪው ዝም ይበል ማለት ግን አይደለም! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ማኅበረሰባችንን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችንን እንድንጠየቅ መብት ይሰጠናል። ስለዚህ በሰፈራችሁ መንገድ ሊወጣ ነው ተብሎ ስትጠሩ እባካችሁ አትቅሩ። አጥራቸው የሚነካባቸውን አሮጊት ጎረቤታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ዕድል ሲሰጣችሁ በቀጥታ ከአጥሩ፣ ከቦዩ ጀምሩ፤ ምስጋናው ይጠር። በቃል ብቻ የቀረ አስተያየት ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል፤ እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ከመበተናችሁ በፊት ጸሐፊው ያላችሁትን በቃለ ጉባኤው ማስፈሩን ጠይቁ።