የአምባገነን ዘመን ልቦለድ እንቆቅልሽ አይደለም

ስለ አምባገነን ሥርዓት የተጻፈ ልቦለድ እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» ብለን ነው። ኮሎኔሉ የትኛው ኮሎኔል ነው? ሚኒስትሩስ? ያቺ ሴትዮ የእገሌ ወዳጅ አልነበረችም እንዴ? መልሱን ያወቀ ሰው መጽሐፉን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ያላወቀው ደግሞ የሚነግረው ፍለጋ ይሄዳል። እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ሻይ እየጠጣን በምንወያይባት ትንሽ የንባብ ቡድናችንም ያው ነው። ከሁለት ሰዓት ውይይት አንዱ ሰዓት ተኩል ስም በማዛመድ ያልቃል።

ልማዱ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም፣ ኤርትራ ውስጥ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዙሪያ የነበሩ ባለሥልጣናት ራሳቸውን በገጾቹ ውስጥ አዩ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ያየ አንባቢ ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ ሌላ ስም ቢፈልግ ምን ይገርማል? ጋዜጣው የማይነግረውን ልቦለዱ ይነግረው ነበር። ለዚያ ዘመን ያ አነባበብ አስፈላጊ ነበር ባይ ነኝ። ዛሬ ግን መጽሐፉን እየበላብን ነው። «ማን ነው?» እያልን ስንባዝን፣ ደራሲው ምን እንዳሳየን ሳናይ እናልፋለን። የጭቆና ልቦለድ ጭብጡን የሚያስቀምጠው ደግሞ በሚያሳየን ነገር ውስጥ ነው፦ በጠረጴዛው፣ በግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ፣ በጥንቸሏ።

ሰሞኑን ያነበብነው የጁልያ አልቫሬዝ «በቢራቢሮዎቹ ዘመን» ይህን ልማዳችንን አጋለጠው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ልቦለድ ነው፤ የሚራባል እህትማማቾችን ታሪክ ይተርካል። ዶሚኒካን ሪፐብሊክን ከ1930 እስከ 1961 ቀጥቅጦ የገዛውን ራፋኤል ትሩሂዮን የታገሉት ፓትሪያ፣ ሚኔርቫና ማሪያ ቴሬሳ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 25 ቀን 1960፣ የታሰሩ ባሎችን ጠይቀው ሲመለሱ መንገድ ላይ ታግተው ከሾፌራቸው ጋር ተደብድበው ተገደሉ። አደጋ እንዲመስል መኪናቸው ገደል ተለቀቀ። አራተኛዋ እህት ዴዴ ተረፈች። የተባበሩት መንግሥታት በ1999 ኖቬምበር 25ን በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚወገዝበት ቀን አድርጎ የሰየመው በእነሱ መታሰቢያ ነው።

እንግዲህ እዚህ መጽሐፍ ላይ «ማን ነው?» የሚባል ጥያቄ የለም። ትሩሂዮ ትሩሂዮ ነው፤ ሚኔርቫም ሚኔርቫ ናት። መጨረሻውም ገና ከጅምሩ ይታወቃል፤ ሦስቱ ይሞታሉ። ቡድናችን ሥራ ፈታ። አንዱ ጓደኛችን «ታዲያ ምን እንወያይ?» አለ፤ የምሩን ነበር።

መጀመሪያ አምባገነኑ ራሱ ምን ያህል የምስል ሰው እንደሆነ እናንሳ። ትሩሂዮ ዋና ከተማዋን በራሱ ስም ሰየማት። ትልቁንም ተራራ እንዲሁ። በየቤቱ ግድግዳ «በዚህ ቤት አለቃው ትሩሂዮ ነው» የሚል ጽሑፍ ይሰቀል ነበር። ፊቱን ለማንጣት ፓውደር ይቀባ ነበር። እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። ሊቀመንበር መንግሥቱ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ሲከሰክሱ ንግግራቸውን ቃል በቃል የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ጠርሙሱን የማያስታውስ ግን የለም። ሥርዓቱ በጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በዓይናችንም በኩል ነበር የገዛን። ስለዚህ ልቦለድ እንዲህ ያለውን ሥርዓት ልግጠም ሲል እዚያው ሜዳ ላይ፣ በምስል፣ መግጠሙ የግድ ነው።

አልቫሬዝ የገጠመችው በትንንሽ ዕቃ ነው። ሚኔርቫ እ.ኤ.አ. በ1949 በተደረገ ግብዣ ላይ ከትሩሂዮ ጋር ስትደንስ ሰውየው አላግባብ ሲጠጋት በጥፊ ትለዋለች። ጥፊው የሚያርፈው የተቀባባ ፊት ላይ ነው። ይህች ዝርዝር ባትኖር ትዕይንቱ ጀግንነት ብቻ ይሆን ነበር። ፓውደሩ ሲመጣ ግን ሚኔርቫ የመታችው ሰውየውን ብቻ አይሆንም፤ አገሩ ሁሉ እንዲሰግድለት የተደረገውን ቅብ ጭምር ነው። ደራሲዋ ይህን አታብራራም። ጥፊውን ጽፋ ታልፋለች።

ሃይማኖተኛዋ ፓትሪያ ደግሞ የጌታ ሥዕልና የትሩሂዮ ፎቶ ጎን ለጎን ተሰቅለው ስታያቸው፣ ሁለቱ ፊቶች እየተቀላቀሉ አንድ ይሆኑባታል። ስለ እምነት ቀውስ ብዙ ገጽ መጻፍ ይቻል ነበር። እዚህ የተጻፈው አንዲት ሴት ግድግዳ ስታይ ነው። የደርግን ዘመን የኖረ ሰው፣ ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ወይም በእሱ ቦታ ምን ይሰቀል እንደነበር ያስታውሳልና ይህን ገጽ ሲያነብ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከመጽሐፉ ሁሉ ልቤን የያዘው ግን የፓትሪያ የምግብ ጠረጴዛ ነው። ፓትሪያ መጀመሪያ ላይ ትግሉ ውስጥ የለችበትም። ልጆቿን፣ ባሏን፣ ቤተ ክርስቲያኗን ብላ የምትኖር ሴት ናት። በተራራ ላይ ለጸሎት በሄደችበት የልጇ እኩያ የሚሆን ወጣት ታጋይ ዓይኗ ሥር ሲገደል ታያለች፤ ከዚያ በኋላ ቤቷን ለንቅናቄው ትሰጣለች። አልቫሬዝ ታዲያ «ፓትሪያ ታጋይ ሆነች» አትለንም። ቤቷን ክፍል በክፍል ታስጎበኘናለች። ልጇ ሕፃን ሳለ በእንጨት ጠመንጃ የተጫወተበት ሶፋ ይኸው፤ አሁን ሽጉጥ የሚቆጠርበት ሆኗል። ቤተሰቡ ቁርስ የበላበት፣ የእንቁላል እድፍ እንኳ ገና ያልለቀቀው ጠረጴዛ ይኸው፤ አሁን ቦምብ ይሠራበታል።

የእንቁላሉ እድፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደራሲዋ ጠረጴዛውን ማስጠረግ ትችል ነበር፤ ፓትሪያ ንጹሕ ሴት ናት። ያልጠረገችው ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ እንዲታዩ ነው። እድፉ የጠዋቱ ነው፤ ልጆቹ ገና አሁን ነው የተነሡት። ባሩዱ በዚያው ላይ መጣ። ትግል ከሩቅ በረሃ የሚመጣ ነገር ሳይሆን የእናት ጓዳ ውስጥ የሚገባ፣ ገብቶም ጓዳውን ጓዳ መሆኑን የማያስቀረው ነገር ሆኖ ይታያል። አስፈሪነቱም እዚያው ነው፤ ልጆቹ ነገም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቁርስ ይበላሉ። አብዮት ጠባቂ በሌሊት ሲፈትሽ የኖሩ የእኛ እናቶች፣ ወረቀት ከሊጥ ቡሃቃ ሥር የደበቁት፣ ይህንን ለማንም ሳይነግሩ ያውቁታል። በአማርኛ ስለዚያ ዘመን የተጻፉ ልቦለዶቻችን ስብሰባና እስር ቤቱን በደንብ ያውቃሉ፤ ቡሃቃውን ግን ብዙ ጊዜ እየዘለሉት ያልፋሉ። ይህ የግል ቅሬታዬ ነው።

ጥንቸሏ ደግሞ በተቃራኒው ትሄዳለች። ሚኔርቫ ልጅ ሳለች፣ ራሷን በረት እንደተዘጋባት ጥንቸል እየቆጠረች፣ አንዷን ልትለቅ በሩን ትከፍትላታለች። ጥንቸሏ አትወጣም። መትታም ልታስወጣት ትሞክራለች፤ አሁንም አትወጣም። ከቡድናችን ብዙዎቹ «ጥንቸሏ ሕዝቡ ናት» ብለው ወዲያው ዘጉት። እኔ አይመስለኝም። እዚያ ትዕይንት ላይ እንስሳዋን የምታሳምማት ነፃ አውጪዋ ናት። ሚኔርቫ ገና ልጅ ናት፣ ቁጡ ናት፣ እንደ እሷ የማያስብ ሁሉ ሞኝ ይመስላታል። ጥንቸሏን «ሕዝብ» ብለን ብንተረጉም ሚኔርቫ ከትዕይንቱ ትወጣለች፤ ታላቁ ጥያቄም፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ ነፃ ማውጣት ይቻላል ወይ የሚለው፣ አብሯት ይወጣል። የየካቲት 66ቱን ትውልድ የምናውቅ ሰዎች ይህን ጥያቄ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህራችን ተቃወሙኝ። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ሰም ያለ ወርቅ ምን ይሠራል? እኛ እኮ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን» አሉኝ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ አገር ሰው ፊት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ለእርሳቸው የመለስኩት ከቅኔ ቤት ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነበር።

ዘጌ ተሻግረን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንገባ የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉት ሥዕሎች ከምን ያስጀምሩናል? ከዓይን። በጥንቱ አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሕፃናትን የሚያስፈጀው ሄሮድስ ወታደር፣ ጊዮርጊስን የሚያሠቃየው የዱድያኖስ ጭፍራ በአንድ ዓይን ነው። ማንበብ የማትችል ባልቴት ማን ጨካኝ እንደሆነ ከበሩ ሆና ታውቃለች። ይህ እንግዲህ መለያ ምልክት ነው፤ አንድ ለአንድ ይተረጎማል፣ የኔታም ደስ ይላቸዋል።

በላኤ ሰብእ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው፣ ለተጠማ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ስለሰጠ፣ ሚዛኑ ላይ ውሃዋ ደፋች። ያ ሚዛን «ምሕረት» የሚል ትርጉም አለው ብለን ብንሄድ ምን ቀረን? ሥዕሉ የሚሠራው ሰባ ስምንቱን አስከሬንና አንዲት እፍኝ ውሃ አንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ እንድንታዘብ ነው። ዓይናችን «ይሄ እንዴት ይሆናል!» ይላል፤ የምሕረት ከባድነት የሚገባን በዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው። ትርጉሙን ይዘን ሥዕሉን ብንተወው ያ ጭንቀት የለም። መምህራችን «በላኤ ሰብእን ለልቦለድ ምሳሌ?» ብለው ቅር ቢላቸውም ክርክሩን አልገፉበትም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ዘጌን ያየ አንባቢ አልቫሬዝን ለማንበብ ከማንም በላይ የተዘጋጀ ነው፤ መጽሐፍ ሲይዝ ግን ዓይኑን በር ላይ ትቶ ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር አለ። ወጣት ጸሐፊዎቻችን ስለ ጭቆና አጭር ልቦለድ ሲጽፉ ጣና ላይ ያለው እምቦጭ ሥርዓቱ ነው፣ ሐይቁ ሕዝቡ ነው፣ ታንኳው ትግሉ ነው። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ደጋግመው ደርሰውኛል። አረሙ ግን አንድም ቀን በቅጡ አይታይም። በእጁ የነቀለ ገበሬ የሚያውቀው እምቦጭ ሐምራዊ አበባ አለው፤ ያምራል። ጎብኚ ቆሞ ፎቶ ይነሣበታል። የቅጠሉ ዘንግ በአየር ያበጠ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ዛሬ ከዚህ ዳር ነገ ወደዚያ ይገፋዋል። ነቅለው ዳር ካላወጡት ተመልሶ ይሠርጻል። የሚያምር፣ የሚንሳፈፍ፣ ፎቶ የሚነሱበት አፈና! ይህን ያየ ጸሐፊ «ሥርዓቱ እንደ እምቦጭ ወረረን» ብሎ መጻፍ ያሳፍረዋል፤ ከዚያ የተሻለ ታሪክ እጁ ላይ አለና።

አልቫሬዝም ብትሆን ሁልጊዜ አይሳካላትም። የመጽሐፉ ርእስ የሆኑት ቢራቢሮዎች፣ እህትማማቾቹ በኅቡዕ የሚጠሩበት ስም ነው፣ ለእኔ ከመጽሐፉ ምስሎች ሁሉ ደካማው ናቸው። ስሙ እውነተኛ ታሪክ ስለሆነ ልትተወው አትችልም፤ ነገር ግን ቢራቢሮ ሲባል ክንፍ፣ ውበት፣ ነፃነት ሁሉም ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አንባቢው የሚሠራው ነገር የለም። ሴቶቹን ከጠረጴዛቸው አንሥቶ ሐውልት ላይ ይሰቅላቸዋል።

ቢራቢሮዎቹን ትቼ ቦርሳውን እመርጣለሁ። በዚያ በ1949ኙ ግብዣ ላይ ሚኔርቫ ከጥፊው በኋላ ቤተሰቧ በዝናብ ተጣድፎ ሲወጣ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ትረሳለች፤ ውስጡ ከሥርዓቱ የሸሸው ወዳጇ ደብዳቤዎች አሉ። ትሩሂዮ እጅ የምትገባው በቦርሳዋ በኩል ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ወደ እስር ቤቱ ሲሄዱ ሦስቱ እህቶች መንገድ ላይ ሱቅ ገብተው ቦርሳ ይገዛሉ። ይመርጣሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ እንደ ማንኛዋም ሴት ገበያ ይውላሉ። እኛ እንደሚሞቱ እናውቃለን፤ እነሱ ቦርሳ ይመርጣሉ። ያኔ ቦርሳው ደብዳቤ ደብቆ አሳልፎ ሰጣት፤ አሁን ግን አዲስ ነው።

ይህን ለቡድናችን ሳነሣ መምህራችን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሴት ናቸው፤ ቦርሳ ገዙ። ቦርሳ ደግሞ ቦርሳ ነው» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ነርስ ጓደኛችን ግን አልተስማማችም፦ «የኔታ፣ ነገ አለኝ ብሎ የማያስብ ሰው ቦርሳ አይገዛም» አለቻቸው። በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልታረቁም፤ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።