ማስተካከያ፦ የስፒከር ኮኔክተር ቀለም ነገር

ባለፈው የመኪና በር ስፒከር ስትቀይሩ ቀዩን ኮኔክተር (ሽቦው ጫፍ ላይ ተጨምቆ ስፒከሩ ላይ የሚሰካው ባለ ፕላስቲክ ብረት) ለፖዘቲቭ ሰማያዊውን ለኔጌቲቭ አድርጉ ብዬ ጽፌ ነበር፣ ስህተት ነው ይቅርታ። የፕላስቲኩ ቀለም የሚነግረን የሽቦውን ውፍረት ነው እንጂ ከፖዘቲቭ ኔጌቲቭ ጋር ምንም አያገናኘውም። ቀዩ ከ0.5 እስከ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ለሆነ ሽቦ ነው፣ ሰማያዊው ከ1.5 እስከ 2.5፣ ቢጫው ደግሞ ከ4 እስከ 6 ስለሆነ ለበር ስፒከር እርሱት። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣው ቀጭን ሽቦ ላይ ሁለቱም ቀይ ነው የሚሆኑት። እኔ ኔጌቲቩን በሰማያዊ አስሬው በደንብ የተጨመቀ መስሎኝ ነበር፣ ውስጡ ግን ላልቶ በር በዘጋሁ ቁጥር ድምፁ ጥፍት ይላል፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቴፑን ስወቅስ ከረምኩ። በኋላ ሳብ ሳደርገው ሽቦው እጄ ላይ ቀረ።

ፖዘቲቩንስ በምን እንለያለን ካላችሁ፣ ብዙ ስፒከር ላይ ኮኔክተሩ ከሚሰካባቸው ሁለት የብረት ምላሶች ሰፊው ምላስ ፖዘቲቭ ጠባቡ ኔጌቲቭ ነው፣ የተለመደው 4.8 እና 2.8 ሚሊሜትር ስለሆነ ስትገዙ ሁለቱንም ልክ ጠይቁ። ከተጠራጠራችሁ ስፒከሩን ከመኪናው ሽቦ ነቅላችሁ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ብቻ ነካ አድርጉበት፣ መሀሉ ወደ ውጭ ብቅ ካለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ምላስ ፖዘቲቭ ነው። የአንዱ በር ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጦ ከታሰረ ቤዙ ይሳሳል።

በፒንሳ ጨምቁት ያልኩትንም ተዉት፣ የኮኔክተር መጭመቂያ ካለው ሰው ተዋሱ።