ማስተካከያ፦ የወታደር ካርታ ግሪድ የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ጀምሮ ነው

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ሼር ሲደረግ የከረመው «ወታደር ግሪድ ሲያነብ መጀመሪያ ወደ ላይ ከዛ ወደ ቀኝ ነው፣ 6 አሃዝ ደግሞ 10 ሜትር ድረስ ያሳያል» የሚለው ፖስት ሁለቱም ላይ ተሳስቷል። ግሪድ ማለት ካርታው ላይ ቦታን በቁጥር ለመጥቀስ የተሰመሩት ካሬዎች ናቸው። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ነው ከዛ ወደ ላይ፣ 6 አሃዝ 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ ካሬ ነው የሚሰጠው፣ ለ10 ሜትር 8 አሃዝ ያስፈልጋል። ይሄ የጦር ሰራዊት የካርታ ንባብ ማንዋሎች ላይ ያለ ነው።

ቢገለበጥ ምን ይመጣል ካላችሁ፣ ብሔራዊ ቴአትር ያለው 37ፒ ዲኬ (37ፒ የዞኑ መለያ ነው፣ ዲኬ ደግሞ 100 ኪሎሜትር በ100 ኪሎሜትር የሆነው ትልቅ ካሬ ፊደሎች) ውስጥ 72 96 ካሬ ላይ ነው፣ 72 ወደ ቀኝ፣ 96 ወደ ላይ፣ ገልብጣችሁ 96 72 ካላችሁ ከ30 ኪሎሜትር በላይ ደቡብ ምስራቅ፣ ወደ ቢሾፍቱ አቅጣጫ ትሄዳላችሁ፣ ቀልድ አይደለም።

ፊደሎቹንም «ዝለሏቸው» ይላል ፖስቱ፣ አትዝለሉ። እንጦጦ ለሃይኪንግ የምትወጡ በተለይ፣ ከከተማው በስተሰሜን በኩል ዲኬ አልቆ ዲኤል ይጀምራል፣ ወደ ላይ የሚቆጠረውም 99 ደርሶ እንደገና ከ00 ይነሳል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ለጓደኛችሁ ብትልኩለት 100 ኪሎሜትር ርቆ ያለ ሌላ ቦታ ሊመስለው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የድሮ ባለ 1፡50,000 የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሰሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የካርታው ልኬት የሚነሳበት መነሻ) ነው፣ ስልካችሁ ግን ሌላ ነው የሚጠቀመው። ሳታስተካክሉ ካነበባችሁ 200 ሜትር አካባቢ ይዛነፋል፣ የካርታው ጠርዝ ላይ ስለሚጻፍ መጀመሪያ እሱን እዩ።