የአጋዘን አዳኝ ጥይት ሲመርጥ የሚገጥመው ምክር
በካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የዱር እንስሳትን በእርሳስ ጥይት ማደን የተከለከለ ቢሆንም፣ ሻጮች አዳኙን ዛሬም በእርሳስ ዘመን ልማድ ማማከራቸው እጅግ ያናድደኛል። ክልከላውን ከልቤ እደግፋለሁ፤ የእርሳስ ስብርባሪ ያለበትን የአጋዘን ሆድ ዕቃ የሚበሉት ኮንዶሮች (ግዙፍ ጥንብ አንሳ አሞራዎች) ይመረዛሉ፣ ስብርባሪው እኛ በምንበላው ሥጋም ውስጥ ይቀራል። ነገር ግን በእርሳሱ ምትክ የምንጠቀምበት መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ በክብደት እኩል የሆነው የመዳብ ጥይት ይረዝማል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስም በሚገባ ሳይከፈት (ማለትም ሲመታ ጫፉ ሳይሰፋ) እንስሳውን በጠባቡ በስቶ ሊያልፍና ለረጅም ሥቃይ ሊዳርገው ይችላል። ታዲያ 30-06 ለተባለው የጥይት ዓይነት ለተሠራ ጠመንጃ ፈጣኑ ባለ 150 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) መዳብ በቂ ሆኖ ሳለ፣ «ከባዱ ይሻላል» እያሉ ቀርፋፋውን ባለ 180 ግሬን የሚያሸክሙን ለምንድን ነው? ጥይቱ የሚከፈትበትን ዝቅተኛ ፍጥነት በካርቶኑ ላይ በግልጽ ማተምስ ምን ይከብዳል?