ከማሞቂያው በፊት ኮርኒሱ

ኅዳር ሲገባ ከወሎ ደጋ የሚደርሰን መልእክት ይመሳሰላል። ከደሴ ይሁን ከኩታበር፣ ከወረኢሉ ይሁን ከአቀስታ፣ «የዘንድሮው ብርድ አልተቻለም፤ የሚመጣ ሰው ካለ ማሞቂያ ላኩልን» ይላል። ውጭ ያለነውም ለእናት ለአባት ነውና አናመነታም፤ ባለ 2,000 ዋቱን ገዝተን በሰው ሻንጣ እንልካለን። ጥር ላይ ስንጠይቅ ማሞቂያው ጥግ ይዞ ቆሟል። ወይ ቆጣሪው አስደንግጧቸዋል፣ ወይ ሶኬቱ ቀልጧል፣ ወይ ደግሞ «ፊቱ ካልተቀመጡ አይሞቅም» ተብሎ ተትቷል። ማሞቂያው ግን ደህና ነው። ችግሩ ሙቀቱን ይዞ የሚያቆይ ቤት አለመኖሩ ነው።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ጣጣ አይደለም። ብርዱ መካከለኛ በሆነበት አገር ያለ ቤት፣ ብርዱ ከጠናበት አገር ቤት የባሰ ይበርዳል። ስቶክሆልም ውጭው በረዶ ለብሶ ሰው ቤቱ ውስጥ በካናቴራ ይውላል። ሜልቦርን ግን የሐምሌ ሌሊት በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሆኖ፣ አሮጌ ቤት የተከራየ ሐበሻ ሳሎኑ ውስጥ ጃኬት ደርቦ ይቀመጣል። ቤቱን የሠራው ሰው «ብርዱ ሁለት ሦስት ወር ነው፣ ያልፋል» ብሎ ስለሠራው ነው። የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት አዲስ ቤት ሁሉ ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ እንዲኖረው ያስገደደው እንኳ በፈረንጆች 1991 ነው። ጆሃንስበርግ ደግሞ ለደሴ ሰው ይበልጥ ይቀርባል፤ ከፍታው ወደ 1,750 ሜትር ነው፤ በብርዱ ወራት ቀኑ ጠራራ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ አብዛኛው ቤትም ማሞቂያ ያልተገጠመለት ጡብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2018 ባወጣው መመሪያ ብርድ ባለበት ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ባይወርድ ይመረጣል ብሏል። በሜልቦርን፣ በጆሃንስበርግም ሆነ በደሴ ለፀሐይ ጀርባውን የሰጠ አሮጌ ቤት ይህን የሚያገኘው በግድ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ጋቢውን ያወልቃል። ደሴ ላይ ብርዱ ሁለት ዓይነት ነው። የክረምቱ እርጥብ ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳ ይሻግታል። የኅዳርና የታኅሣሡ ደረቅ ነው፤ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይቆረጥማል። የድሮው ቤት ለሁለተኛው መላ ነበረው። ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል፣ የሣር ክዳኑም በውፍረቱ ውስጥ አየር ይዞ ያሳድራል። አሁን የምንሠራው ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ የላሜራ በርና ሊሾ ነው። ለእሳትና ለምስጥ ይሻላል፣ ንጹሕም ነው፤ ብርድ ላይ ግን ከጎጆው ያንሳል፤ ይህን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ቆርቆሮው ነው። ጥርት ባለ የታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። የተኛ ሰው የሚተነፍሰው እንፋሎት ሥሩ ሲደርስ ውሃ ይሆንና ንጋት ላይ ብርድ ልብሱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። «ጣሪያው ያፈሳል» ተብሎ ሚስማር ሲመታ የሚከርምበት ቤት ብዙ ነው። ዝናብ በሌለበት ወር የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ ቀዳዳ አይፈለግለትም፤ ያጣው ኮርኒስ ነው።

ስለዚህ ለማሞቂያም ሆነ ለቪላ የምንልከው ገንዘብ መጀመሪያ ኮርኒስ ላይ ይዋል። አራት ሜትር በአራት ሜትር ለሆነ መኝታ ቤት 1.22 በ2.44 የሆነ ቦርድ ስድስት ይበቃል፤ ቁርጥራጩን ለዳር ዳሩ ከተጠቀሙበት አይተርፍም፣ አይጎድልም። ሞራሌው በየ61 ሳንቲ ሜትሩ ይመታ፤ ያኔ የቦርዱ መጋጠሚያ እንጨት ላይ ያርፋል፣ መሐሉም አይረግብም። አቅም ካልፈቀደ የማዳበሪያ ጨርቅ ኮርኒስም ትልቅ ለውጥ አለው፤ በተለይ በሁለት ድርብ፣ በመሐሉ የመዳፍ ስፋት ያህል ክፍተት ተትቶ ከተወጠረ። በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው ሞገድ መካከል ያለው ቀዳዳ ነፋስ የሚገባበት ዋናው በር ነው፤ ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ዙሪያውን በቀጭን ጣውላ ይደፈን። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ግን ጨርሶ አይታፈን። ትይዩ በሆኑ ሁለት ጎኖች ወንፊት ሽቦ የተመታባቸው ቀዳዳዎች ይተዉለት፤ አለዚያ እርጥበቱ እዚያው ተይዞ እንጨቱን ያበሰብሳል።

ኮርኒሱ ላይ የሚነጠፍ ነገር ከተገኘ ደግሞ እሰየው። የመስታወት ሱፍ ሲሆን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይደረግ፣ እጅና ሳንባ ይበላልና። ጭድ አይሆንም፤ አይጥ ይራባበታል፣ ሽቦ የጋለ ዕለትም ቤቱን ያነደዋል። የበግ ፀጉር አውስትራሊያ ውስጥ ተዘጋጅቶ ለዚሁ ሥራ ይሸጣል። እነ ጉጉፍቱን የመሰለ የበግ አገር ይዘን በነገሩ አለመጠቀማችን ያስቆጫል፤ ታጥቦ ስቡ ካልለቀቀና በደንብ ካልደረቀ ግን ብል ይጨርሰዋል። የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ወረቀት የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ወረቀቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የአውስትራሊያ መንግሥት በፈረንጆች 2009 የጀመረው የጣሪያ ንጣፍ ፕሮግራም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤቶችን አልብሶ ነበር፤ አራት ወጣት ሠራተኞች ሞተውበት በ2010 ተቋረጠ። ሦስቱን የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነው። ኮርኒስ ላይ ከመውጣት በፊት መብራቱ ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይጥፋ፤ መጥፋቱም በቴስተር ይረጋገጥ።

ቀጥሎ በሩ ነው። የላሜራ በር ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት የተለመደ ነው። ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ቆርጦ፣ በጠፍጣፋ ብረት ደርቦ በበሩ ግርጌ በብሎን ማሰር ይዘጋዋል። ብሎኬቱም በሁለቱም በኩል ልስን ያስፈልገዋል፤ በመጋጠሚያው ነፋስ ያሳልፋል።

መስኮትን በተመለከተ ከውጭ ፕላን ይዘን የምንመጣ ሰዎች የምንስተው ነገር አለ። ሜልቦርን ውስጥ በብርዱ ወራት ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሄድ ሳሎን ወደ ሰሜን ይከፈታል። ደሴ ግን ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ገደማ ላይ ትሆናለች። ሰፊው መስኮት ወደ ደቡብ ይሁን፤ በሰሜን ያለው ይነስ። ፕላኑ እንዳለ ከተገለበጠ ያ ሁሉ መስታወት በብርዱ ወራት ፀሐይ አያገኝም። መጋረጃው ወፍራም፣ ወለል የሚነካ ሆኖ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ይዘጋ። ከመሸ በኋላ የተዘጋ መጋረጃ የሚይዘው ሙቀት ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ማሞቂያ ቢመጣ ያምርበታል። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በሰዓት ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ሶኬቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ያለው መሆኑ ይታይ፤ በመብራቱ 1.5 ሽቦ ላይ ከተቀጠለ ወይም በርካሽ ዲቫይደር ከተሰካ ሶኬቱ ሊቀልጥ ይችላል። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ሰዓት አብሮ አይለኮስ።

አሁን ከበድ ወዳለው ነገር። ክፍተቱ የተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደጃ ማሳደር ሰው ይገድላል። ጎጆው ውስጥ ጭሱ በሣሩ ይወጣ ነበር፤ ኮርኒስ ባለው ክፍል መውጫ የለውም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ማለቁም ዋስትና አይሆንም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ተከናንቦ መተኛት መጨረሻውን ያፋጥነዋል፤ በሩን ከፍቶ መውጣት ነው። ጆሃንስበርግ ዙሪያም ምባውላ የሚሉት የከሰል ማንደጃቸው በየዓመቱ በብርዱ ወራት ቤተሰብ ይጨርሳል። ቡናው ይፈላ፣ መስኮት ተከፍቶ፤ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ውጭ ይደር።

ለሌሊቱ ደግሞ ሰውየውን ማሞቅ ክፍሉን ከማሞቅ ይረክሳል። ብዙ ሰው ከላይ ሁለት ቡልኮ ይደራርባል፤ ሙቀቱ ግን በቀጭኑ ፍራሽ ወደ ሊሾው ይወርዳል። አንዱ ቡልኮ ወይም አጎዛ ከሥር ይነጠፍ። ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የላስቲክ ከረጢት ፈልቶ ትንሽ በረድ ባለ ውሃ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሞላ፣ አየሩ ተጨምቆ ይከደን፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይቀመጥ። ላስቲኩ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይለወጥ፤ ሲያረጅ ይሰነጠቅና እግር ያቃጥላል። ለሽማግሌና ለአሮጊት ወላጅ የምንልከው ዕቃ ይህ ቢሆን በሻንጣም አይከብድ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊትም ያገለግላል።