ክቱሉ የባሕር አውሬ አይደለም፤ በመርከብ ግጭትም አልሞተም

ስለ አሜሪካዊው የአስፈሪ ታሪኮች ጸሐፊ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት አጭር ልቦለድ «የክቱሉ ጥሪ» በቀረበው አስተያየት ላይ ክቱሉ ኃይሉን ከባሕር የሚያገኝ አውሬ እንደሆነና በመጨረሻም መርከብ ገጭቶት እንደሞተ ተጽፏል። ሁለቱም በስፋት የሚነገሩ ቢሆኑም ታሪኩ የሚለው ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1926 ተጽፎ በ1928 በዊርድ ቴልስ መጽሔት በወጣው በዚህ ታሪክ ክቱሉ ከከዋክብት የመጣ ፍጡር ሲሆን፣ ባሕሩ ደግሞ ኃይሉን የሚገታ እስር ቤቱ ነው፤ ከተማው ርልየህ ስትሰጥም በሕልም ወደ ሰዎች ይልከው የነበረውን ሐሳብ ጥልቁ ውኃ ቆርጦበታልና። በ1925 ከተማዋ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ባለች ጊዜ ርቀው የሚኖሩ ሠዓሊዎችና ገጣሚዎች ሁሉ በቅዠት የተናወጡት ይህ የውኃ ግርዶሽ ስለተነሣ ነው። የታሪኩ እውነተኛ አስፈሪነት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ግጭቱን በተመለከተ፣ ኖርዌጂያዊው መርከበኛ ዮሃንሰን አለርት የተባለችውን የእንፋሎት ጀልባ በቀጥታ ሲነዳበት የክቱሉ ጭንቅላት እንደ ፊኛ መፈንዳቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጀልባዋ ገና ሳትርቅ የተበታተነው ገላ ከኋላዋ እየተሰባሰበ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለስ ነበር፤ ተራኪውም ወደ መገባደጃው ክቱሉ አሁንም በሕይወት እንዳለ እንደሚገምት በግልጽ ይናገራል።